ናጎያ ወይስ ፉኩኦካ? ከቶኪዮና ከኦሳካ ሌላ አንድ ትልቅ የጃፓን ከተማ መጨመር ለምትፈልጉ

ጃፓን ሊሄድ ያሰበ ሰው ፕላኑን ሲያሳያችሁ ሁሌም ያው ነው፣ ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ አለቀ። መጥፎ ፕላን አይደለም፣ የመጀመሪያ ጉዞ ከሆነ ኪዮቶን ዝለሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ግን ጥቂት ቀን ተርፏችሁ አንድ ሌላ ትልቅ ከተማ ልጨምር ካላችሁ የሚያዋጡት ሁለቱ ናጎያና ፉኩኦካ ናቸው፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁና እናንተ ምረጡ።

ናጎያ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ህዝብ ያላት ከተማ ነች፣ በህዝብ ብዛት ከቶኪዮ፣ ከዮኮሃማና ከኦሳካ ቀጥላ የምትመጣ። ግን ጃፓኖቹ ራሳቸው አሰልቺ ይሏታል፣ እንደውም እ.ኤ.አ በ2016 የከተማው አስተዳደር ራሱ 8 ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ባሰራው ጥናት ሰው መጎብኘት የሚፈልገው የቱን ነው ሲባል መጨረሻ የወጣችው እሷ ነች። ፉኩኦካ ደግሞ ወደ 1.6 ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል፣ ከዋናው ደሴት ወጣ ብላ ኪዩሹ የሚባለው ደሴት ሰሜን ጫፍ ላይ ነች፣ ኮሪያኖች ቅርብ ስለሆኑ በደንብ ያውቋታል፣ ከኛ በኩል የሚሄደው ሰው ግን ስሟን እንኳን አያነሳም።

ፍርዴን ከፊት ልንገራችሁ። ናጎያ የቀን ከተማ ነች፣ ፉኩኦካ የማታ ከተማ ነች። ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ዝርዝር ነው፣ ግን ዝርዝሩ ላይ ነው ብር የሚባክነው ወይ የሚተርፈው።

መጀመሪያ በየት በኩል ነው ምትገቡት? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በሴኡል ኢንቾን በኩል አድርጎ ነው ቶኪዮ ናሪታ የሚገባው። ናሪታ ከወረዳችሁ ናጎያ መንገዳችሁ ላይ ነች፣ ከቶኪዮ ጣቢያ ኖዞሚ በሚባለው ሺንካንሰን (የጃፓን ፈጣን ባቡር) 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ዋጋው ወደ 11 ሺህ የን፣ ከዛ ናጎያ ወደ ኪዮቶ 35 ደቂቃ ብቻ፣ ወደ ኦሳካ 50 ደቂቃ። ማለትም ናጎያን ለመጨመር መንገድ አትቀይሩም፣ የምታልፉበት ባቡር ላይ መውረድ ብቻ ነው። ፉኩኦካ ግን ከቶኪዮ በባቡር 5 ሰዓት ነው፣ ከኦሳካ እንኳን 2 ሰዓት ተኩል፣ ስለዚህ ከቶኪዮ ከሆነ አውሮፕላን ነው የሚያዋጣው።

ነገሩ የሚገለበጠው ኢንቾን ላይ ነው። ከኢንቾን ፉኩኦካ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፣ በረራውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ በፉኩኦካ ገብቶ በቶኪዮ መውጣት ይቻላል፣ ያው መንገድ ሁለቴ ከመመላለስ ያድናችኋል። እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ትኬቱን ለየብቻ ከገዛችሁት ሻንጣ ለማውጣት ኮሪያ መግባት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ ያ ሌላ ቪዛ ነው (የጃፓኑም ቪዛ ግድ ነው)፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው በአንድ ትኬት የተያያዘ መሆኑን አረጋግጡ። የአሜሪካ ወይ የአውሮፓ ፓስፖርት የያዛችሁ ይሄ ጣጣ አይነካችሁም።

ኤርፖርት ላይ ፉኩኦካን የሚያክል የለም። ኤርፖርቱ ከተማው ውስጥ ነው፣ ከአገር ውስጥ በረራ ተርሚናል ስር ሜትሮ ይዛችሁ ሃካታ ጣቢያ ለመድረስ 5 ደቂቃ፣ ዋናው የገበያ ሰፈር ቴንጂን ለመድረስ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከውጪ ስትገቡ ኢንተርናሽናል ተርሚናሉ ሌላ ጎን ስለሆነ መጀመሪያ በነፃው አውቶቡስ መሻገር አለ፣ ቢሆንም ሻንጣ ጎትቶ ለሚደክመው፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ሽማግሌ እናት አባት ይዞ ለሚሄድ ትልቅ ነገር ነው። የናጎያው ቹቡ ኤርፖርት በ2005 ሰው ሰራሽ ደሴት ላይ የተሰራ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ፈጣኑ ባቡር 28 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እሱም አይከፋም።

እሺ ቀኑን እንየው፣ እዚህ ላይ ናጎያ ነው የምታሸንፈው፣ በሰፊው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ናጎያ ቤተ መንግስት ነው፣ የጃፓን ገዢ የነበረው የጦር መሪ ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1610 ያስጀመረው፣ በ1945 በአየር ድብደባ የተቃጠለው፣ በ1959 በኮንክሪት እንደገና የቆመው። ዋናው ግንብ ከ2018 ጀምሮ ውስጡ ዝግ ነው፣ በእንጨት እንደ ድሮው መልሰን እንሰራዋለን ብለው፣ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ያሉትን የወርቅ ዓሣዎች ከውጪ ታያላችሁ እንጂ አትወጡም። ይሄንን ሳያውቁ ሄደው የሚናደዱ ብዙ ናቸው። ግን ጎኑ ያለው ሆንማሩ የሚባለው የመኖሪያ አዳራሽ በ2018 ተሰርቶ አልቋል፣ ያው እንጨቱ፣ ያው ወርቅ ቅብ ግድግዳው፣ ነብሩ ሁሉ እንደ ድሮው ተስሎ፣ እሱን እዩ፣ ግንቡን እርሱት።

ለኛ ሰው ግን ናጎያን ናጎያ የሚያደርጋት የቶዮታ ኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ነው። መኪና ባትወዱም ሂዱ። አዲስ አበባ ቆማችሁ ቪትዙን፣ ኮሮላውን፣ አባዱላውን፣ ላንድክሩዘሩን ስታዩ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ፣ የዛ ሁሉ ነገር መነሻ ሽመና መሆኑን በዓይናችሁ የምታዩበት ቦታ ነው። ህንፃው ራሱ የድሮ የጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1911 ያቋቋመው ቦታ፣ ቀይ ጡቡ እንዳለ አለ። ስትገቡ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ መኪና ሳይሆን ጥጥ ነው፣ ሰራተኞቹ ጥጡን በእጅ ፈትለው ያሳያሉ፣ ከዛ ከእንጨት ሽመና ማሽን ጀምሮ በየደረጃው እያስነሱ ያሰሩላችኋል። የ1924ቱ ጂ ታይፕ የሚባለው ማሽን ጋ ስትደርሱ ቁሙ። መወርወሪያው ላይ ያለው ማግ ሲያልቅ ማሽኑ ሳይቆም ራሱ ሌላ መወርወሪያ ይተካል፣ ከድሩ አንድ ክር ሲበጠስ ደግሞ ራሱ ቀጥ ይላል፣ የተበላሸ ጨርቅ ሰርቶ እንዳይቀጥል ማለት ነው። ይሄው ችግር ሲኖር ቁም የሚለው ሀሳብ ነው በኋላ መኪና ፋብሪካው ውስጥ የገባው። የዚህን ማሽን ፓተንት በ1929 ለእንግሊዝ ኩባንያ ሸጡት፣ ልጁ ኪይቺሮ ወደ መኪና ዞረና በ1937 ቶዮታ ሞተር ተመሰረተ፣ ሁለተኛው አዳራሽ ይሄን ታሪክ በሙሉ መኪናና ሮቦት ይዞ ይቀጥላል። ሽመናን ሽሮ ሜዳ ላይ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቦታ ለሌላው ቱሪስት ከሚነግረው በላይ ነው የሚነግረው፣ ግማሽ ቀን ስጡት፣ ሰኞ ዝግ ነው።

ባቡር የሚወድ ልጅ ካላችሁ በ2011 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም አለ፣ በማግኔት ተንሳፎ የሚሄደው ማግሌቭም የድሮዎቹ ሺንካንሰኖችም አሉ። ጂብሊ ፓርክ (የጂብሊ ካርቱን ፊልሞች ፓርክ) ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋኩቴ ላይ በ2022 ተከፍቷል፣ መጫወቻ የሚሽከረከርበት ፓርክ አይደለም፣ ጫካ ውስጥ የተሰሩ ቤቶች ናቸው፣ ቲኬቱ በቅድሚያ ነው የሚገዛው። አፁታ የሚባለው የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) መቅደስ ደግሞ ነፃ ነው፣ ከሶስቱ የንጉሰ ነገስቱ ቅዱሳን ዕቃዎች አንዱ የሆነው ሰይፍ እዛ ነው ያለው ይባላል፣ ለማንም አይታይም፣ ግን ግቢው ትልልቅ ዛፍ የሞላበት ስለሆነ ልብ ያሳርፋል።

ከናጎያ ተነስቶ ውሎ መመለስም አለ፣ ይሄ ብቻውን እኮ ለመምረጥ ይበቃል። ኢኑያማ ግማሽ ሰዓት ነው፣ የድሮው ግንብ ሳይቃጠል እስካሁን በእንጨቱ ቆሟል፣ የብሄራዊ ሀብት ደረጃ ካላቸው 5 ግንቦች አንዱ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው አይሆንም። የኢሴ ታላቅ መቅደስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተራራ ላይ ያለችው ታካያማ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ።

ፉኩኦካ በቀን ምን አላት? እውነቱን ለመናገር ብዙ የሚያስሮጥ ነገር የለም፣ ያ ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ነው የሚያስደስተው። ዳዛይፉ ተንማንጉ የሚባለው መቅደስ ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ተማሪዎች ለፈተና የሚፀልዩበት፣ መንገዱ ላይ ትኩስ ትኩሱን የሚጋገር ውስጡ ጣፋጭ ባቄላ ያለው ኡመጋኤ ሞቺ ብሉ። ኖኮኖሺማ ደሴት በጀልባ 10 ደቂቃ ነው። ከከተማው ወጥቶ ኩማሞቶ በሺንካንሰን 40 ደቂቃ ገደማ፣ ናጋሳኪ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፍል ውሃ ለሚወድ ቤፑ ሁለት ሰዓት።

ግን ሩጫ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ አንድ ቦታ አለ። ኦሆሪ ፓርክ ጎን፣ ከድሮው የፉኩኦካ ግንብ ፍርስራሽ ስር ሄይዋዳይ ስታዲየም አለ፣ የፉኩኦካ ማራቶን ተነስቶ የሚገባበት። ኃይሌ በ2006 እዚህ አሸንፏል፣ ፀጋዬ ከበደ በ2008ም በ2009ም አሸንፏል፣ ሁለተኛውን በ2:05:18 ገብቶ። ስታዲየሙ ትንሽ ነው፣ ግን እነዛ ልጆች በዲሴምበር ብርድ የገቡበትን በር ቆሞ ማየት እኔን ያስደስተኛል። ከዛ ጫማችሁን አስራችሁ ኦሆሪ ሀይቁን ዙሩ፣ ዙሩ 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ የከተማው ሰው ጠዋትና ማታ ሲሮጥበት ታገኙታላችሁ።

ማታ ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። ናጎያ በጊዜ ትተኛለች ማለት ይቻላል፣ ሳካኤ የሚባለው ሰፈር መብራት አለ፣ ቡና ቤት አለ፣ ግን እየዞሩ የሚውሉበት አይነት አይደለም። ፉኩኦካ ደግሞ ያታይ አላት፣ በየምሽቱ የሚተከሉ የመንገድ ላይ ምግብ ቤቶች፣ ወደ 100 ገደማ፣ ናካሱ ወንዝ ዳር፣ ቴንጂንና ናጋሃማ። እያንዳንዷ ስምንት ዘጠኝ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ናት፣ ማብሰያው መሃል ላይ ነው፣ እናንተ ዙሪያውን አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ትቀመጣላችሁ፣ እንፋሎቱ ፊታችሁ ላይ ነው፣ አጠገባችሁ ያለው የማታውቁት ሰው ከየት መጣችሁ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ጃፓን ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር እንደዚህ የሚወራበት ቦታ ብዙ አይገኝም። ደንብ አላት፣ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ማዘዝ አለበት፣ ሰው እየጠበቀ ተቀምጦ ማውራት ነውር ነው፣ ሽንት ቤት የላትም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይከፍታሉ፣ ዝናብ ከበዛ አይተክሉም።

ምግብ ላይ ግን ለኛ ሰው ዋናውን ነገር ማንም ስለማይነግራችሁ ልብ በሉ። ፉኩኦካ የታወቀችው ቶንኮፁ ራመን በሚባለው የኑድል ሾርባ ነው፣ መረቁ ለሰዓታት የተቀቀለ የአሳማ አጥንት ነው፣ ስጋውን አውጡልኝ ብትሉ መረቁ ያው አሳማ ነው። አሳማ የማይበላ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ሌላ ነገር ይፈልግ፣ የዶሮ ሚዙታኪ አለ፣ እሱም የፉኩኦካ ምግብ ነው፣ ዶሮው በመረቅ እየተቀቀለ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርብ። ናጎያ እዚህ ላይ ትሻላለች። ሚሶ ካፁ የሚባለው አሳማ ስለሆነ እለፉት፣ ተባሳኪ የሚባለው ቁንዶ በርበሬ ያለው የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ ግን ለኛ ምላስ የተሰራ ነው የሚመስለው። ሂፁማቡሺ፣ ማለትም ሩዝ ላይ የተጠበሰ ኤል (እባብ የሚመስል ረጅም ዓሣ)፣ አንድ ሳህን በሶስት በአራት አይነት የሚበላ፣ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ከሽንኩርትና ከዋሳቢ ጋር፣ ቀጥሎ መረቅ አፍስሶበት፣ ብዙ ቦታ ከ4 ሺህ የን በላይ ነው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም የሚል ሰው ደግሞ ኤል ቅርፊት የለውም ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ለፆም ሁለቱም ከተማ ከባድ ነው፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳን የዓሣ መረቅ አለበት። ሁለቱም ከተማ መስጊድ አለ፣ የናጎያው ከ1998፣ የፉኩኦካው ከ2009 ጀምሮ፣ ሃላል ቤት ከነሱ ዙሪያ መፈለግ ይቀላል።

ጠዋት ቡና ለሚወድ ግን ናጎያ ነች። ቡና ቤት ገብታችሁ አንድ ቡና ስታዙ ቶስትና የተቀቀለ እንቁላል በዛው ዋጋ ይመጣል፣ በኛ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ፣ ጣፋጭ ባቄላ ጨምሩልኝ ካላችሁም ቶስቱ ላይ ይቀባላችኋል። ኮመዳ የሚባለው አሁን አገሩን ሁሉ የሞላው ቡና ቤት በ1968 ናጎያ ነው የተጀመረው።

ስለዚህ ለማን የቱ? የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ፣ ቶኪዮና ኪዮቶ ግድ ከሆኑ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይ ፋብሪካና ማሽን ከወደዳችሁ ናጎያ፣ ሁለት ለሊት፣ ታካያማን ከጨመራችሁ ሶስት። ሁለተኛ ጉዞ ከሆነ፣ በኢንቾን የምታልፉ ከሆነ፣ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ መብላት መዞር ማውራት የምትፈልጉ ከሆነ ፉኩኦካ፣ ሶስት ለሊት፣ አንዱን ቀን ናጋሳኪ። ሁለቱንም ልያዝ ካላችሁ በሺንካንሰን መሃላቸው ከ3 ሰዓት በላይ ነው፣ ለዚህ ብላችሁ ግን የ7 ቀኑን የባቡር ፓስ አትግዙ፣ በ2023 ወደ 50 ሺህ የን አድጓል፣ ለብዙ ሰው አያዋጣም፣ ነጠላ ትኬት ደምሩና አወዳድሩ።

ጊዜ ላይ፣ ነሐሴ ናጎያ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሆነ ያስተኛል፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ህዳር ሂዱ። ፉኩኦካ ደግሞ ዶም የሚባለው ጣሪያ ያለው ስታዲየም ላይ ትልቅ ኮንሰርት ባለበት ቅዳሜና እሁድ የሆቴል ዋጋ ስለሚዘል ቀኑን ወደ ሰኞና ማክሰኞ ብታንሸራትቱት ይሻላል። የእስያ ጨዋታዎች ደግሞ በሴፕቴምበር 19, 2026 ናጎያ ላይ ተጀምሮ እስከ ኦክቶበር 4 ስለሚቆይ በዛ ሰሞን የምታስቡ ከሆነ ሆቴሉን ከአሁኑ ያዙ፣ ካልተገኘ ግማሽ ሰዓት እንኳን የማትርቀው ጊፉ ላይ አድራችሁ በባቡር ተመላለሱ።