ለቆረሶ ኩሬ፦ ፔሌት ይሻላል ወይስ የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ?

ከመራዊ እስከ ቡሬ የዓሣ ኩሬ የቆፈረ ወዳጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ «የቱን መኖ ልግዛ?» ብሎ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ለገበያ ለምታደርሱት ቆረሶ (ቲላፒያ) የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ። ፔሌት፣ ማለትም ፋብሪካ አድቦልቡሎ የሚሸጠው መኖ፣ ለዓሣ ጫጩት ብቻ።

ዋጋ ስትጠይቁ ኩንታልን ከኩንታል አታስተያዩ፤ የምትገዙት ፕሮቲን ነው። ከአንድ ኩንታል የስንዴ ፉርሽካ 15 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፣ ከጥሩ ፋጉሎ ደግሞ 30 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ የፋጉሎው ዋጋ የፉርሽካውን እጥፍ እስካላለፈ ድረስ ርካሹ ፋጉሎ ነው። የጠላና የአረቄ አተላ በነጻ ቢገኝም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ ጋሪ ተከራይቶ ከሩቅ ማምጣት ውሃ መጫን ነው።

የፔሌት ሒሳብ ሌላ ነው። ጥሩ ፔሌት ከሆነ 1 ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ይበቃል፤ ድብልቁ ግን 3 ኪሎ ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ ድብልቁ በእርግጠኝነት እንዲያዋጣ ኪሎው ከፔሌቱ ግማሽ ዋጋ በታች መሆን አለበት። የመኪና ኪራዩና የደላላው ሲደመርበት፣ የድብልቄን እጥፍ ብቻ የሚያወጣ ፔሌት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ልኩ ይኸውላችሁ፦ 50 ኪሎ ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 25 ኪሎ ፉርሽካ። ፕሮቲኑ 28 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ላደገ ቆረሶ ይበቃዋል። አኩሪ አተሩን የምጨምረው ኑግ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ነው። ጥሬውን ግን እንዳትከቱት፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፣ የሚለቀውም በእሳት ነው። ጫጩት ከ40 በመቶ በላይ ስለሚፈልግ በዚህ ድብልቅ አታስቡት።

ፉርሽካ ብቻ የሚጣልበት ኩሬ ብታዩ ዓሦቹ እኩል አያድጉም። ጥቂቶቹ ወፍረው መኖውን ይይዙታል፤ የቀሩት ክንፋቸውና ጅራታቸው ተቦጫጭቆ ዳር ዳሩን ይላሉ። ቁስሉ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል፤ ፕሮቲን ያጣ ዓሣ ቁስሉ ቶሎ አይሽርለትም። ማብዛቱም ቢሆን ደግነት አይደለም። ትርፉን ፕሮቲን ዓሣው በስንጥቡ (በሚተነፍስበት) በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል፤ ውሃው የማይታደስ ከሆነ ያው አሞኒያ መልሶ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቆረሶ የምግብ ፍላጎቱ ይወርዳል፤ ያኔ የምትጥሉት ሁሉ ከታች ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ። ጎረቤቴ «የዓሣ ፔሌት» ተብሎ የተሸጠለትን ከረጢት ይዞልኝ መጣ። አፉ ተፈትቶ በሌላ ቀለም ክር እንደገና ተሰፍቷል። አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብንጨምር ወዲያው ፈረሰና ከታች ነጫጭ ጠጠር ዘቀጠ። ጠጠሩ ላይ ሎሚ ጠብ ስናደርግበት አረፋ አወጣ፤ ኖራ ድንጋይ ነው። ለካ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ነበር! ኖራው ለእንቁላል ቅርፊት የሚገባ ነው፣ ፕሮቲኑም 16 እና 17 በመቶ አካባቢ እንጂ ለዓሣ የሚሆን አይደለም። ሻጩ ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ለከረጢቱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብርጭቆና ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢስቁባችሁም ግድ የለም።

ፋጉሎም ቢሆን ከሌባ አያመልጥም፤ አፈርና ገለባ ይቀላቅሉበታል። ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ የሚዘቅጠውን አሸዋ እዩ፣ አሽትቱት፤ የሻገተውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የዓሣውን ጉበት ነው የሚያበላሸው። ከፋሲካ በፊት በሬ አድላቢው ሁሉ ስለሚሻማ ዋጋው ይሰቀላል። እኔ ኅዳርና ታኅሣሥ ኑጉ ተሰብስቦ መጭመቂያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ገዝቼ ርብራብ ላይ እደረድራለሁ፤ ክረምቱን እንዲያልፍ ግን አልጠብቅበትም።

አምባዛ ዓሣ ለምታረቡ ይህ ድብልቅ አይበቃም፤ 35 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል። ባሕር ዳር ዓሣ ከሚያርዱት ዘንድ ራስና አንጀቱን አስደርቃችሁ ቀላቅሉበት። የተፈጨ የዓሣ ዱቄት ከነጋዴ ከገዛችሁ ግን የላቦራቶሪ ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፤ የተለመደው ምርመራ የሚለካው ፕሮቲኑን ሳይሆን ናይትሮጅኑን ስለሆነ፣ ናይትሮጅን የሞላበት ዩሪያ ማዳበሪያ የተጨመረበትም ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ይነበባል።