ለመርሴዲሴ በአቅሜ ኢንሹራንስ ላገኘችልኝ እህት ምስጋና

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ አንዲት የኢንሹራንስ ወኪል አለች። ምስጋናዬን በአደባባይ ላደርስላት ፈልጌ ነው የምጽፈው። ስሟን ሳላስፈቅዳት አላወጣም። የምትፈልጓት ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ባለፈው ሰኔ ከድሮ ጀምሮ ስመኛት የነበረችውን መኪና ገዛሁ፤ የ2021 ሞዴል መርሴዲስ ኢ 350። ያገለገለች ብትሆንም ንጹሕ ናት። ቤት ስገባ ልጆቼ ወጥተው አቀፉኝ።

ከዚያ ኢንሹራንስ መጣ። ለድሮዋ ካምሪ በወር 140 ዶላር ነበር የምከፍለው። ያው ኩባንያዬ ለአዲሷ 418 አለኝ። ሌላ ቦታ ደወልኩ፣ 390። የባንኩ ክፍያ ሲጨመርበት ወጪዬ በወር ከ1,000 ዶላር አለፈ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ ግን ሐሳብ እንደገባት ፊቷ ላይ ይታወቅ ነበር።

አንድ ወዳጄ ገጠር ያለ ዘመዱን አድራሻ ተጠቅሜ እንዳስመዘግብ መከረኝ። እዚያ ርካሽ ነው። ይህንኑ ለወኪሏ ነገርኳት። «ጋሼ፣ እሱን አያድርጉት» አለችኝ። «መኪናዋ የምታድረው እዚህ ነው። አደጋ የደረሰ ቀን ይህን ካወቁ አንከፍልም ሊሉዎት ይችላሉ። እስኪ እኔ ልሞክርልዎት።» እሷ ያኔ ከእኔ ገና አንድ ሳንቲም አላገኘችም።

የአንድ ኩባንያ ብቻ ወኪል አይደለችም፣ ከብዙዎቹ ጋር ትሠራለች። ኮሚሽኗን የሚከፍላት ኩባንያው ነው። ቁጭ አድርጋ ትጠይቀኝ ጀመር። በዓመት ስንት ማይል ይነዷታል? ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይነዳል? ኡበር ይሠሩባታል? አልሠራባትም። ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ግን ይህን ልብ በሉልኝ፦ አፑን ከፍታችሁ ጥሪ ስትጠብቁ የሚደርስ አደጋን የግል ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይሸፍንም። ለብቻው የሚጨመር ሽፋን አለ፣ ጠይቁ።

ልጄ ከእኛ ራቅ ባለችው ብላክስበርግ ከተማ ነው የምትማረው፣ መኪና ይዛ አልሄደችም። ከ100 ማይል በላይ ርቆ፣ መኪና ሳይዝ የሚማር ልጅ ቅናሽ እንደሚያስገኝ እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የአፓርታማችንን ኢንሹራንስ ወደዚያው ኩባንያ አዛወረችው፣ በዚያም ቀነሰ። ለግጭት ከኪሴ የምከፍለውን ዲዳክቲብል ከ500 ወደ 1,000 ከማሳደጓ በፊት «ድንገት 1,000 ዶላር ቢጠየቁ ያገኛሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አገኛለሁ ስላት ነው የቀየረችው።

የሚበልጥብኝ ግን ሽፋኑን እንዳልቀንስ የያዘችኝ ነው። የቨርጂንያ ሕግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እኛ ለምናደርሰው አደጋ ቢያንስ 50,000 ዶላር ለአንድ ሰው ጉዳት፣ 100,000 በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች በሙሉ፣ 25,000 ደግሞ ለሌላ ሰው ንብረት የሚከፍል ሽፋን እንድንይዝ ያስገድዳል። እኔ ዝቅተኛው ይበቃኛል ብዬ ነበር። «የዛሬ አዲስ መኪና በ25,000 ይጠገናል? ቀሪውን ማን ይከፍላል?» አለችኝ። የንብረቱን ወደ 100,000 አሳደገችው። የተጨመረብኝ ክፍያ ትንሽ ነው። ኮሊዥን የሚባለው ሽፋን ለግጭት እንደሆነ፣ ስርቆትና በረዶ፣ አጋዘን መግጨት እንኳ ሳይቀር ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ሽፋን ውስጥ እንደሚገባ ለባለቤቴ በአማርኛ አንድ በአንድ አስረዳቻት። አጋዘን እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

መጨረሻ ላይ የ6 ወሩን በአንድ ጊዜ ስከፍል 1,494 ዶላር ሆነ። በወር 249 ማለት ነው። ሽፋኑ ደግሞ መጀመሪያ ከተነገረኝ የተሻለ ነው።

በጥቅምት ወር 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና የተፈናጠረ ጠጠር የፊት መስታወቴን ሰነጠቀው። እንደዚህ ያለ መኪና መስታወቱ ላይ ካሜራ አለው፤ መስታወት ሲቀየር ካሜራውም እንደገና መስተካከል አለበት፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ለካ ያለ ዲዳክቲብል የሚከፍል የመስታወት ሽፋን አስገብታልኝ ኖሯል። ደወልኩላት፤ ከኩባንያው ጋር በመስመር አገናኝታኝ እስኪያልቅ አብራኝ ቆየች። «ካሜራው መስተካከሉን የሚያሳይ ወረቀት ሳይሰጡዎት መኪናዋን እንዳይረከቡ» ብላም አስጠነቀቀችኝ። ከኪሴ ምንም አልወጣም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ለምትደውሉላት፦ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ የመኪናውን የሻሲ ቁጥርና አሁን ያላችሁን ኢንሹራንስ የመጀመሪያ ገጽ አዘጋጁ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ያንን ገጽ ነው።