የጋሼ ባቡርን ሎኮሞቲቭ ላስነሳልን ዲናሞ ጠቅላይ

ድሬዎች፣ የሞተር ዲናሞ የተቃጠለበት ሰው ካለ ይቺን ያንብብልኝ። ረዘም ትላለች፣ ቻሉኝ።

ከዚራ ሰፈር ያደጋችሁ ጋሼ ባቡርን ታስታውሷቸዋላችሁ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ከባለቤታቸው በቀር በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በረንዳቸው ላይ ድሬዳዋን በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሠሯት። ጣቢያው፣ ሐዲዱ፣ የደቻቱ ወንዝ፣ ፉርጎዎቹ፣ ሁሉም አለ። ያረፉት አምና ነው።

እሁድ ከሰዓት በረንዳው ይሞላል። ጡረታ የወጡ የባቡር ሰዎች በአንድ ወገን፣ እኛ ልጆች በሌላ ወገን። መዋጮ የለው፣ ሊቀመንበር የለው፣ ግን ማኅበር ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ፉርጎ ቀለም ይጣላሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ቡና ያፈላሉ፣ እኛ ተራ እንጠብቃለን። እኔ የጣቢያ ሹም ነበርኩ። ፊሽካ ካልነፋሁ ባቡሩ አይነሳም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሥልጣን አግኝቼ አላውቅም።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከጀሶ የተሠራ ተራራ አለ። "ይሄ ተራራ ባይኖር እናንተም የላችሁም" ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነው። ተራራው ከበደና ታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ እዚያው ከተማ ተቆረቆረ፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቷል። ይህን ታሪክ ስንት እሁድ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

አንድ ጊዜ ዘመድ ከፈረንሳይ የሚያብረቀርቅ ሞዴል ባቡር አመጣላቸው። እኛ ጮቤ ረገጥን። እሳቸው መለኪያቸውን አውጥተው በጎማዎቹ መሀል ለኩ። የሞዴሉ ሐዲድ ስፋት 16 ሚሊሜትር ተኩል ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ ስታባዙት 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ የአውሮፓ ሐዲድ ስፋት። የኛ የድሮው ሐዲድ ግን 1 ሜትር ነው። "ይሄ በኛ ሐዲድ አይሄድም" አሉና ወደ ሳጥኑ መለሱት። አልቅሰናል። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው የ12 ሚሊሜትር ሐዲድ በእጃቸው ሠሩ፤ ሞዴል ሠሪዎች ለአንድ ሜትር ሐዲድ የሚጠቀሙበት ልክ እሱ ነው። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙትን ደግሞ ከወተት ጣሳ ቆረጧቸው። የውጮቹ እንጨት ይመስላሉ፣ የኛዎቹ ብረት ናቸዋ!

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ስፋቱ 1435። ጋሼ ያንን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ከድሮው ሐዲድ ጎን ሁለተኛ ሐዲድ ዘረጉ፣ ከላዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ወጠሩ። ሽቦውን ከየት እንዳመጡት ማንም አልጠየቃቸውም።

ዘንድሮ ለሙት ዓመታቸው ቤተሰቡ ባቡሩን እናስነሳው አለ። አንድ ለመርዳት የቸኮለ ዘመዳችን የድሮውን ሎኮሞቲቭ ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። በ12 ቮልት የሚሠራ ሞተር 220 ሲገባበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጭስ ብቻ። እትዬ ምንም አላሉም፣ ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሞተሯ አውራ ጣቴን አታክልም። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት "የልጅ መጫወቻ ነው እኮ" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛው ሳይከፍታት "ጣይው፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። ከየት ነው የምገዛው?

ከዚያ መጋላ ሰፈር ገባሁ። "ዲናሞ እንጠቀልላለን" የሚል የደበዘዘ ታፔላ። ሰውዬው ሞተሯን ተቀብሎ ሎኮሞቲቩን አገላብጦ አየ። "የጋሼ አይደለም እንዴ? ደህና ናቸው?" አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። ለካ ጋሼ በየጊዜው እየሄዱ ቁርጥራጭ ሽቦ ይለቅሙ ነበር። "ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም" አለ።

የተቃጠለውን ሽቦ አንድ አንድ ዙር እየቆጠረ ፈታው፣ ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈ። ጥቅሏ ሦስት ናት፤ ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ሞተሯ ትንቀጠቀጣለች አለኝ። በማጉያ መነጽር፣ በእጁ ጠቀለላት። ካርቦኖቹንም አጸዳ። ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ብሎኝ ነበር፣ በዘጠነኛው ቀን ራሱ ይዟት ቤት መጣ። ሐዲዱ ላይ ሳትሞከር አልሰጥም አለ።

ባቡሩን የምናስነሳበት ማርሽ ላይ ጋሼ በእጃቸው በአንድ በኩል "ጅቡቲ"፣ በሌላው "አዲስ አበባ" ብለው ጽፈዋል። ወደ ጅቡቲ ስንገፋው ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኛ ሄደልን ብለን እልል አልን። እሱ አልሳቀም። ጽሑፉን አየ፣ ባቡሩን አየ፣ ሁለቱን ገመዶች አቀያየረ። ዳግመኛ ሲገፋ ወደ ጅቡቲ ሄደ። እትዬ ያኔ ነው ከውስጥ የወጡት።

ሊሄድ ሲል በአዲሱ ሐዲድ ላይ የተወጠረውን ሽቦ አየና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። "ይሄ የኔ ነው" አለ፣ "ከትንሽ ቬንትሌተር የተፈታ።"

ለጋሼ ስል ገንዘብ አልቀበልም ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተቀበለ፣ ተገላገልኩ። ዋጋውም በመጀመሪያ ቀን የነገረኝ ነው፣ አልጨመረም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

ስልኬን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪው ብሎኛል፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ጉድለቱንም ልንገራችሁ፦ ስልክ አያነሳም። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት በሩ ዝግ ነው፣ በዚህ ሙቀት አልፈርድበትም። ደግሞ የተቃጠለ ሞተር ይዛችሁ ስትሄዱ አደራ፣ ሽቦውን ቤት ውስጥ አትፍቱት። ዙሩን የሚቆጥረው ከሱ ላይ ነው።