ከሳንባ ሕመም ጋር በኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ከመጋቢት እስከ ጥር

ሲኦፒዲ አለብኝ፤ የአየር ቧንቧን አጥብቦ ትንፋሽ የሚያሳጥር የቆየ የሳንባ ሕመም ነው። ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ ያደረሰኝ የማገዶ ጭስ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምጣድ ሥር። ሐኪሜ "የተጎዳው ሳንባ አይመለስም፤ ጡንቻሽ ከበረታ ግን ያለሽ ትንፋሽ ብዙ ያሠራሻል" ብላ እንቅስቃሴ አዘዘችልኝ። መጋቢት ላይ ፔዳል ሲመታ ሞተሩ የሚያግዝ የቻይና ብስክሌት ገዛሁ። ዋጋው ከተራ ብስክሌት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ልጆቼ አዋጥተው ነው እንጂ በጡረታዬ የሚሞከር አልነበረም።

ሞተሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ልናገር። የኛ ችግር አየር ማስገባቱ ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ማስወጣቱ ነው። የጠበበው ቧንቧ አየሩን ቶሎ አይለቅም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲፈጥን አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል፣ ደረት ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለኔ ቁምነገሩ ፍጥነት ሳይሆን ትንፋሼን የሚያስሮጠውን ዳገት መቀነስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ሜዳዋም ጥቂት።

ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ ኋላ ጎማው መሃል ላይ የተገጠመ። ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት፣ ተነቅሎ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። አምስት የእገዛ ደረጃ አለው። ሜዳ ላይ አንድ፣ ዳገት ላይ ሦስት እጠቀማለሁ፤ አምስትን የሞከርኩት ለልጅ ልጄ ለማሳየት ነው። ወረቀቱ በአንድ ቻርጅ 60 ኪሎ ሜትር ይላል። በኛ ዳገት ግማሹን ካገኛችሁ ተመስገን በሉ።

ያልወደድኩለት ሴንሰሩን ነው። የሚያውቀው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው፤ እግሬ ምን ያህል እንደገፋ አይለካም። ቆሜ ስነሳ የመጀመሪያውን ዙር በራሴ ጉልበት እገፋለሁ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣውም እሱ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ በድንገት ይወረውረኛል። መላው መብራት ላይ ከመቆም በፊት ማርሹን ወደ ቀላሉ ማውረድ ነው። የእግርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያላቸው አሉ፣ ይወደዳሉ። አቅም ያለው ሰው ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውጣ፤ ትልቅ ባትሪ ላይ አይደለም።

ሻጩ ሳይነግረኝ ከመመሪያው ያገኘሁት ነገር ደግሞ አለ። የመቀነሻውን ቁልፍ ተጭኜ ስይዝ ብስክሌቱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ በራሱ ይሄዳል፣ እኔ መሪውን ይዤ ከጎኑ እራመዳለሁ። ትንፋሼ ሲያጥር ወርጄ ዳገቱን የምጨርሰው እንዲህ ነው። ለጤነኛ ሰው ጌጥ ነው፤ ለኔ ዋናው ዕቃ።

አቀማመጡም ይረዳል። ትንፋሽ ሲያጥረን ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጠን፣ ጎንበስ ብለን ክንዳችንን ጉልበታችን ላይ የምናስደግፈው ለምን እንደሆነ ይህ ሕመም ያለበት ያውቀዋል፤ ክንድ ሲደገፍ የትከሻና የደረት ጡንቻ መተንፈሱን ያግዛል። ብስክሌት ላይ ክንዴ መሪው ላይ ነው። በእግር ስሄድ ኦክስጅኔ ከብስክሌቱ ይልቅ ቶሎ ይወርዳል፤ ሐኪሜም በብዙ ሕመምተኞች የሚታይ ነው አለችኝ።

ኦክሲሜትሩን፣ ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅንን የሚለካውን መሣሪያ፣ በኪሴ ይዤ ነው የምወጣው። እየነዱ ማየት አይሆንም፤ ጣት ሲንቀሳቀስና ሲበርድ ቁጥሩ ይዋሻል። ቆሜ፣ ጣቴን አሙቄ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ጥፍር ቀለም ያበላሸዋል፣ ስለዚህ በዚያች ጣት እንሶስላም ተውኩ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል፤ ስለዚህ ለኔ የተሰጠኝ ወሰን 88 በመቶ ቢሆንም 90 ላይ እቆማለሁ። የናንተን ወሰን ሐኪማችሁ ትንገራችሁ።

ከመውጣቴ ሩብ ሰዓት በፊት ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት፣ ሳልቡታሞልን፣ በስፔሰር (አፍ ላይ በሚያዝ የፕላስቲክ ቱቦ) እስባለሁ። ስነዳ ሁለት የፔዳል ዙር አየር ወደ ውስጥ፣ አራት ዙር ከንፈርን አሞጥሙጦ ወደ ውጭ። ድካሙን ከ0 እስከ 10 ስሰጠው ከ4 ካለፈ እወርዳለሁ።

በበጋ ማለዳ አልወጣም፤ ብርዱ ጭሱን መሬት ላይ ያስተኛዋል። ኅዳር 12 ሲታጠን ደግሞ ጭራሽ በር አልከፍትም። በ1911 ዓ.ም. ለመጣው የኅዳር በሽታ የተጀመረ ልማድ ነው ይባላል፤ ለኔ ሳንባ ግን ራሱ በሽታ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ ያለው ከሰዓት ግሩም ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ከናፍጣው ጥቂት ያርቀኛል፣ ሞተር ሳይክሎቹ ቢተዉት። "እማማ በርቺ!" የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። በርቺው ይሁን፣ እማማው ግን ገና ነው።

ብልሽት፦ ሐምሌ ላይ የመቆጣጠሪያው ስክሪን ውስጥ ውሃ ገባ። የሸጠልኝ ሱቅ "መለዋወጫ ይመጣል" እንዳለ ነው፤ እስካሁን በጉም ውስጥ ነው የማነበው። የኋላ ጎማ ሲተነፍስ ሰፈሬ ያለው ጎሚስታ የሞተሩን ገመድ አይቶ "ይሄ የመብራት ሠራተኛ ሥራ ነው" ብሎ መለሰኝ። ልጄ ገመዱን ነቅሎ ጎማውን ብቻ ሲያቀብለው ሠራው። ክብደቱ ደግሞ 25 ኪሎ ነው። እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የሳንባ ሕመምተኛ የሚያወጣለት ሰው ከሌለው ወይም ታች ጥበቃው ጋ ማቆም ካልቻለ አይግዛ።

የስፓይሮሜትሪው፣ ማለትም የትንፋሽ አቅም ምርመራው፣ ቁጥር ንቅንቅ አላለም፣ አልጠበቅኩምም። የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራው ግን ተሻሽሏል፤ ቤት ውስጥም ወጥ ሠርቼ ሳልቀመጥ እጨርሳለሁ። ቤቱ በኦክስጅን ያለ፣ ወይም በቅርቡ ሕመሙ ተነስቶበት ሆስፒታል የተኛ፣ ሐኪም ሳያይ አይሞክረው። እኔ ድጋሚ ብገዛ ይህንኑ ዓይነት እገዛለሁ፣ ሴንሰሩን ቀይሬ፤ ሱቁንም።