ደሴ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጄን ማንበብ ስላስተማሩልን ቲቸር

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ፣ ማታ ወደ ደሴ። የሐረጎን መንገድ ስወርድና ስወጣ ቀኑ ያልቃል። ዛሬ እሁድ ነው፣ መብራትም አለ። ስለዚህ ሰበብ የለኝም።

ነገሩ የልጄ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የክልል ፈተና ይጠብቃታል። ልጅቷ አታነብም እንዳልል ታነባለች። ጮክ ብላ ስታነብማ ዜና አንባቢ ነው የምትመስለው። አክስቶቿ ሲመጡ «እስቲ አንብቢልን» ይሏታል፣ አንብባ ትመረቃለች። ችግሩ የሚመጣው መጽሐፉ ሲዘጋ ነው። «ምን ይላል?» ስላት ዝም። ወይ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ትወጣልኛለች። ከዚያስ? «ረሳሁት።»

መጀመሪያ አንድ ማስጠኛ ቦታ አስገባናት። ስሙ ይቅር። እዚያ የሚሰጧት ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ከነመልሱ ነበር። ሸምድጂ ነው ነገሩ። ሁለት ወር ከፈልን። ያው ጥያቄ ከመጣ ትመልሳለች፣ ምንባቡ ከተቀየረ ግን ተመልሳ ዝም። እኔም ብሆን ጥፋት አለብኝ። «ደግመሽ አንብቢው» ከማለት ሌላ ዘዴ አልነበረኝም። አንድ ቀን ማታ አንዱን ገጽ አምስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ። በአምስተኛው አለቀሰች። እናቷ ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ስለ ቲቸር የነገረችን ጎረቤታችን ናት። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ሲያስተምሩ የኖሩ። ቤታቸው ሆጤ አካባቢ ነው። ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም። «ምስጋና ከፈለግህ ልጅቷን በሰዓቷ አምጣት» ነው ያሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

የመጀመሪያው ቀን አብሬ ገባሁ። መጽሐፍ ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ አሮጌ ፖስታ አወጡ። ውስጡ በመቀስ የተቆራረጠ ወረቀት ነው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ በተኑትና «አስተካክዪው» አሏት። ስለ ቡና ነው የሚያወራው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ልጄ በሁለት ደቂቃ ደረደረችው። ወሎ ተወልዶ ይህን የሚያጣው ማን ነው?

ሁለተኛው ፖስታ ተራራ ላይ ስለሚወርድ ጎርፍና ስለ እርከን ሥራ ነበር። እሱ ላይ ተያዘች። ቁራጮቹን ወዲህ ወዲያ ታመላልሳለች። ቲቸር ዝም ብለው ጠበቁና እንዲህ አሏት፦ «የቡናው በምን ነበር የተያያዘው?» አሰበች። «በ... መጀመሪያ፣ ቀጥሎ።» «እህ። ይሄኛውስ እንደዚያ ነው?» አይደለም። ይሄኛው መጀመሪያ አንድ ጭንቅ ይናገራል፣ ከዚያ ጭንቁ ከየት እንደመጣ፣ ከዚያ ምን እንደተደረገ። ያን ስታይ ቁራጮቹ በራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌማት ነበር፣ እሱን አሳዩን። «ሌማትም ሰፌድም በስንደዶና በአክርማ ነው የሚሰፉት። ልዩነቱ አሰፋፉ ነው። ጽሁፍም ከቃል ነው የሚሠራው። ልጅሽ ቃሉን ትቆጥራለች፣ አሰፋፉን አላየችም» አሉ። ንግግሩ ለእናቷ መሆኑ ነው፤ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሦስት ልጆቿን ያስተማሩላትን ሌላ እናት እያሰቡ ነበር መሰለኝ። ሳቅን።

አምስት ዓይነት አሰፋፍ ነው የሚያስተምሩት። ገለጻ፣ ቅደም ተከተል፣ ማነጻጸር፣ ምክንያትና ውጤት፣ ችግርና መፍትሔ። ይህ የሳቸው ፈጠራ አይደለም፣ ራሳቸውም አይሉም። ቦኒ ሜየር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ይህን ማጥናት ጀምራ ነበር። ደራሲው ሐሳቡን ያዋቀረበትን መንገድ ተከትሎ የሚያነብ ሰው፣ እንዲሁ ከሚያነበው ሰው የበለጠ ያስታውሳል ነው የጥናቷ ፍሬ ነገር። ቲቸር ያደረጉት ነገሩን ወደ ደሴ ማምጣት ነው።

እንዴት እንዳመጡት ልንገራችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሁለት ከተማ ሦስት አጫጭር ጽሁፍ ሰጧት። ከተሞቹ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው። የመጀመሪያው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለች፣ ኮምቦልቻ ግን 1,800 ሜትርን ትንሽ አለፍ ብላ እንደተቀመጠች፣ አንዷ ብርድ ሌላዋ ሙቀት እንደሆነች ይናገራል። ሁለተኛው ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየወረደ ኮምቦልቻ ይገባል። ሦስተኛው ኮምቦልቻ ሜዳ ስላላት አውሮፕላን ማረፊያውም ፋብሪካውም እዚያ እንደተሠራ ይተርካል። ከተሞቹ ያው ናቸው፣ መረጃውም ተቀራራቢ ነው። ግን የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው መያዝ ያለበት ልዩነቱን ነው፣ የሁለተኛውን መንገዱን፣ የሦስተኛውን «ለምን»ን። ልጄ ቤት መጥታ «አባዬ፣ አንተ በየቀኑ ሁለተኛውን ነው የምትኖረው» አለችኝ። ከዚያ በፊት ካነበበችው ነገር ተነስታ ቀልዳ አታውቅም።

እኔን ግን ያሳመነኝ የውጫሌው ምንባብ ነው። ውጫሌ ሩቅ አይደለችም፤ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ናት። ምንባቡ ስለ ውሉ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ፣ በ1885 አፄ ምኒልክ ውሉን አፈረሱት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ጦርነት ሆነ። ልጄ አንብባ ስትጨርስ ሦስቱንም ዓመት ሳትሳሳት ጠራች። ቲቸር «ጎበዝ። ውሉ ለምን ፈረሰ?» አሏት። «ምክንያቱም በ1885 ፈረሰ» አለች። በሳቅ ሞትኩ። ቲቸር አልሳቁም።

ሁለት እርሳስ ሰጧት፣ ሰማያዊና ቀይ። ቀን ያለበትን ዓረፍተ ነገር በሰማያዊ፣ «ለምን» የሚለውን የሚመልሰውን በቀይ አስምሪ አሏት። ሰማያዊው ከላይም ከታችም፣ ገጹ ላይ ተበትኖ ታየ። ቀዩ ግን በሙሉ መሐል ላይ ተከመረ። መሐል ላይ ያለው አንቀጽ 17 ነው። በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ነው የተጻፈው። ጣልያንም በዚያ ይዛ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አወጀች።

«አየሽ?» አሏት ቲቸር። «ቀኑ ገመዱ ነው። ዕቃው የተቋጠረው መሐል ላይ ነው። ጸሐፊው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነጻጽሮልሻል፣ ከንጽጽሩ ደግሞ ጠብ ወለደልሽ። ቀን ቆጥረሽ ብትወጪ ዕቃውን ጥለሽ ገመዱን ይዘሽ ሄድሽ ማለት ነው።» እኔ ዓድዋን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ትምህርት ቤት ግን ገመዱን ይዤ ነው የወጣሁት መሰለኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ለአማርኛ አንባቢ ይሄ ወርቅ ነው። እንግሊዝኛ ላይ የአሰፋፉ ምልክት ፊት ለፊት ይቆማል። ሀውኤቨር ሲል ነገሩ ሊዞር ነው፣ ቢኮዝ ሲል ምክንያት ሊመጣ ነው። እኛም ግን፣ ይሁን እንጂ፣ በአንጻሩ፣ ስለዚህ፣ ለምሳሌ አሉን። ግን አብዛኛው ምልክታችን ለብቻው አይቆምም፣ ግሱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ቲቸር ሰሌዳው ላይ «ዘነበ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ፦ ስለዘነበ፣ ቢዘንብም፣ ከመዝነቡ በፊት፣ እንዲዘንብ። የመጀመሪያው ምክንያት ነው፣ ሁለተኛው ተቃርኖ፣ ሦስተኛው ጊዜ፣ አራተኛው ዓላማ። ዝናቡ አንድ ነው፣ ፊትና ኋላው ላይ ያለችው ፊደል ናት ሥራውን የምትሠራው። ልጄ እንደ ዜና አንባቢ ስትሮጥ የምትዘላት ፊደል ይህች ነበረች። ለሁለት ሳምንት የሰጧት የቤት ሥራ ከማንኛውም ጋዜጣ «ስለ» እና «ቢ...ም» እየፈለገች መክበብ ነበር። ቤታችን ያለ ጋዜጣ ሁሉ ክብ በክብ ሆነ። ሚስቴ ሽንኩርት የጠቀለለችበት እንኳን አልቀረም።

ቲቸር ግን ቃል አዳኝ እንድትሆን አልፈለጉም። «ግን» የሚል ያየ ሁሉ ማነጻጸር ነው ካለ ይሳሳታል። ምንም ምልክት ሳይኖረው ምክንያቱን ውጤቱ ጎን አስቀምጦ የሚያልፍ ጸሐፊ አለ። አብዛኛው ጽሁፍ ደግሞ ድብልቅ ነው፤ የውጫሌውን አያችሁት። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምንባብ በኋላ የሚጠይቋት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሰው ምን ሊያደርገኝ ነው የጻፈው? ሊያሳየኝ ነው፣ ሊያስረዳኝ ነው፣ ሊያወዳድርልኝ ነው፣ ወይስ መላ ሊነግረኝ?» መልሱን ከያዘች በኋላ በራሷ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። ሁለት ብቻ። ሦስተኛ ከጻፈች ያሰርዟታል።

ነገሩ ለኔም ተርፏል። መሥሪያ ቤት የማሽን ብልሽት ሪፖርት ይደርሰኛል፣ ሦስት አራት ገጽ። ድሮ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ራሴን ይዤ እቀመጥ ነበር። አሁን መጀመሪያ ችግሩን፣ ቀጥሎ መፍትሔውን እፈልጋለሁ። ባለፈው አንዱን ሪፖርት ሳገላብጥ ችግሩ ሦስት ገጽ ነው፣ መፍትሔው የለም። መልሼ ላክሁት። «ምን ነካህ?» ተባልኩ። ልጄ የምትማርበት ቦታ ነው የነካኝ እንዴት ልበል?

ውጤቷን ትጠይቁኛላችሁ። አንደኛ አልወጣችም። ክልል ፈተናውም ገና ነው። የተቀየረው ይህ ነው፦ ባለፈው ሳምንት የኅብረተሰብ ትምህርት ምዕራፍ አንብባ እናቷ ወጥ እየሠራች በአራት ደቂቃ ነገረቻት፤ እናቷም መልሳ ለኔ ነገረችኝ፤ እኔም ገባኝ። «ደግመሽ አንብቢው» የሚለውን ቃል እኔ ከተናገርኩ ሰነባብቻለሁ።

ልመክራችሁ ስለሆነ የማይመቸውንም ልናገር። ቲቸር ሰዓት ላይ ጨካኝ ናቸው። አሥር ደቂቃ ያረፈደ ልጅ በረንዳ ላይ ነው የሚጠብቀው፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ስልክ በር ላይ ባለው ቅርጫት ይቀራል፤ የወላጅም ጭምር። ክረምት ላይ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ነው፣ ቦቲ ያስፈልጋል። ሒሳብና ሳይንስ አያስተምሩም። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሚመጣ ልጅም አይቀበሉም፤ «እኔ እሳት አደጋ አይደለሁም» ይላሉ። በአንድ ጊዜ የሚይዙት አምስት ልጅ ብቻ ስለሆነ ተራ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ነው። ክፍያውን እዚህ አልጽፈውም። ከቤተሰቡ አቅም ጋር እያዩ ነው የሚነጋገሩት፣ እኛን አልከበደንም።

ቲቸር፣ ይህን ጽሁፍ ልጄ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ያን ምሽት ካስለቀስኳት ጥፋት ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ይኸው ነበር የምጽፈው።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቲቸርን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ወረቀት ሲቆርጡ ነው የሚውሉት። ስትሄዱ ደግሞ አንድ ደህና መቀስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያላቸው ዶልዱሟል፣ አዲስ ግዙልኝ ብለው ግን አይናገሩም።