ሞዲፋይ በተደረገች አሮጌ መኪና ላይ የተገጠመ የቅይጥ መለኪያ፦ የወራት አገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሞዲፋይ ባደረጋት፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተርና ባለ ካርቡሬተር አሮጌ መኪና ላይ ስለገጠምኩት የአየርና ነዳጅ ቅይጥ መለኪያ፣ በተለምዶ ዋይድባንድ ጌጅ ስለሚባለው መሣሪያ ነው። የገዛሁት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፤ ይሁንና ጌጁ በራሱ አንዲት ጠብታ ቤንዚን እንደማይቆጥብ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሥራው ሞተሩ የሚያቃጥለው ቅይጥ ምን ያህል ወፍራም (ነዳጅ የበዛበት) ወይም ስስ (አየር የበዛበት) እንደሆነ ማሳየት ብቻ ነው። ቁጠባው የመጣው ቁጥሩን እያየሁ ካስተካከልኳቸው ነገሮች ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ካርቡሬተሩን የሚመለከቱ አልነበሩም።

መኪናዋ ወደ እጄ ስትገባ የነበራት ሁኔታ በአሮጌ መኪኖች ዘንድ የተለመደ ነው። የፋብሪካው ካርቡሬተር ተነሥቶ ባለ ሁለት ጉሮሮ ትልቅ ካርቡሬተር ተተክቷል፤ አራቱን የጭስ ቱቦዎች ወደ አንድ የሚያመጣ ሄደር ገብቷል፤ ጎማዎቹ ከ175/70 አር 13 ወደ 185/70 አር 14 አድገዋል፤ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተጭኗል፤ የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው ቴርሞስታት ወጥቷል፤ እሳትን ለካንዴላዎቹ ወደሚያድለው ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦም ተነቅሎ ጫፉ ተደፍኗል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያስማማ ሰው ግን አልነበረም።

የጌጁ መስኮት 52 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው ሴንሰር ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው። በብዙ የቆዩ የኢንጀክሽን መኪኖች ላይ የሚገኘው ተራ የኦክሲጅን ሴንሰር ትክክለኛው ቅይጥ አካባቢ ሲደርስ ከ0.1 ወደ 0.9 ቮልት ገደማ ስለሚዘል፣ ቅይጡ ወፍራም ወይም ስስ መሆኑን እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ዋይድባንድ ግን መጠኑን ጭምር ይናገራል። ንጹሕ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ ይህ ነጥብ ላምዳ 1 ይባላል፤ ላምዳ ማለት በቅይጡ ውስጥ ያለው አየር ለሙሉ መቃጠል ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ነው። ለሙሉ ጉልበት ከ12.5 እስከ 13 ያለው ቅይጥ የሚመረጥ ሲሆን፣ ቀለል ባለ ጭነት በዝግታ ሲነዳ ደግሞ ሞተሩ እስከቻለው ድረስ ከ15 እስከ 16 ያለው ይቆጥባል። ጌጁን በላምዳ እንዲያሳይ አድርጎ መጠቀም ይሻላል፤ ሴንሰሩ የሚለካው በመሠረቱ ላምዳን ነውና። 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ትክክለኛ ነጥቡ 14.1 ገደማ ሆኖ ሳለ ጌጁ ላምዳውን በዚያው በ14.7 አባዝቶ ያሳያል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን ከሠንጠረዥ ጋር ሲያነጻጽር ይሳሳታል።

መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሴንሰሩ የሚታሰርበት ዳዶ አራቱ ቱቦዎች ከተገናኙበት በኋላ መበየድ አለበት፤ በአንዱ ቱቦ ላይ ብቻ ከተበየደ የሚያነበው የአንዱን ሲሊንደር ጭስ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ጫፉ ወደ ታች ማዘንበል ይኖርበታል፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ከነካው ሊሰነጥቀው ይችላል። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ደግሞ፣ ሞተሩ በሠራ ቁጥር የሴንሰሩ ማሞቂያም መሥራት አለበት። ጌጁን በተለየ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎ ሲያሻው የሚያበራ ሰው ቀዝቃዛው ሴንሰር ጥላሸት እንዲለብስ ይፈቅዳል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

የመጀመሪያው ንባብ አስገራሚ አልነበረም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሜዳ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ስነዳ ጌጁ 12.4 አካባቢ ቆሞ ነበር፤ ይህ ማለት ሞተሩ ምንም ሳይጠየቅ ለሙሉ ጉልበት የሚሰጠውን ያህል ነዳጅ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወዲያው ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ባለ ቀዳዳ ክፍል) ለመቀየር እጅ ያሳክካል፤ ነገር ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እየተነዳ ሳለ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ደግሞ የቤንዚኑ ከፊል ቅይጡን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ማኒፎልድ ግድግዳ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀር ወፍራም ቅይጥ ካልተሰጠው ይንገጫገጫል። በቀዝቃዛ ሞተር የተመረጠ ጄት ሞተሩ ሲሞቅ የተሳሳተ ነው። ስለዚህ በ82 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት መልሼ፣ ሙቀቱ መርጋቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ካርቡሬተሩን የከፈትኩት።

በከፍታ ቦታ የሚነዳ ሰው በዚህ ላይ የሚጨምረው ምክንያት አለው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በ18 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ቅይጡ 10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። በባሕር ጠረፍ 14.7 የነበረው በዚያ ከፍታ 13.3 አካባቢ ይሆናል። ለዝቅተኛ ቦታ በተመረጠ ጄት ከፍታ ላይ መንዳት ጉልበትም አይጨምርም፤ ካንዴላውን ያጠቁራል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሰፊው መነገር ያለበት የታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ጉዳይ ነው። ዋናውን ጄት ደረጃ በደረጃ እያሳነስኩ ጌጁን 15.5 ላይ ሳደርሰው ፍጆታው የቀነሰው ከጠበቅኩት እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። መኪናዋ ፈዘዘች፤ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅም ፔዳሉን ከቀድሞው የበለጠ መርገጥ ያስፈልግ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስስ ቅይጥ በዝግታ ስለሚነድ እሳቱ ቀደም ብሎ ካልተሰጠው ግፊቱ የሚመጣው ፒስተኑ ወደ ታች ብዙ ከወረደ በኋላ ነው። ጉልበቱም ሥራ ላይ ሳይውል በሙቀት መልክ በማርሚታ ይወጣል። ይህን ለማካካስ የተሠራው ደግሞ ያ የተነቀለው የቫኪዩም ቱቦ ነው። ፔዳሉ በትንሹ ሲረገጥ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ከፍተኛ ስለሆነ በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለውን ስስ ሽፋን (ዲያፍራም) ስቦ እሳቱን በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያስቀድመዋል፤ ፔዳሉ በደንብ ሲረገጥ ቫኪዩሙ ስለሚጠፋ እሳቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለውድድር በሚዘጋጁ ሞተሮች ላይ ይህ ክፍል አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት ነው የሚነዱትና። ከዚያ የመጣው ልማድ በመንገድ መኪኖች ላይ ሲደገም ግን ውጤቱ ነዳጅ ማባከን ብቻ ነው።

ቱቦውን ከመመለስ በፊት ሽፋኑ አለመቀደዱን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሥቶ ቱቦውን በአፍ ሲስቡት በውስጥ ያለው ሳህን ሲዞር በዓይን ይታያል፤ የቱቦውን ጫፍ በምላስ ሲደፍኑትም ሳህኑ ባለበት መቆየት አለበት። የእኔ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ቱቦው በተመለሰበት ዕለት ያው 15.5 የሚያሳይ ጌጅ ፍጹም ሌላ መኪና የምነዳ እስኪመስለኝ ድረስ ትርጉሙ ተለወጠ፤ ፈዛዛነቱ ጠፋ፤ ፔዳሉም ቀለለ። በዚያ ላይ ሞተሩ ዳገት ሲወጣ እንዳያንኳኳ ጆሮ መስጠት ይገባል፤ ቢያንኳኳ መነሻውን ታይሚንግ በጥቂቱ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ጌጁ የሚዋሽባቸው ሁኔታዎች መኖራቸውን ማወቅ ከመሣሪያው ጋር ተስማምቶ ለመኖር ግድ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ነዳጅን ሳይሆን በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን ነው። አንድ ካንዴላ እሳት ቢያጣ ያልተቃጠለው አየር እንዳለ ስለሚወጣ፣ ቤንዚንም አብሮት እየወጣ ሳለ ጌጁ ስስ ነው ይላል። የሄደሩ ጋስኬት ቢያፈስም እንዲሁ ነው፤ በተለይ በሚኒሞ ጊዜ፣ ማለትም ሞተሩ ፔዳል ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ከውጭ አየር ስቦ ቁጥሩን ያሳስተዋል። ቁጥሩን አምኖ ነዳጅ የሚጨምር ሰው በዚህ ጊዜ ችግሩን ያባብሳል። በእኔ ሄደር ላይ ያለው ማፍሰስ የታወቀው ጌጁ በሚኒሞ 17 እያለ ካንዴላዎቹ ግን ጥቁር ሆነው በመገኘታቸው ነው። ጌጅ ኖሮም ካንዴላን አውጥቶ የማየት ልማድ መቅረት የለበትም።

ፍጆታን ስለመለካት ጥቂት ልበል፤ ብዙ የቁጠባ ወሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የ175/70 አር 13 ጎማ ዲያሜትር 575 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ185/70 አር 14 ግን 615 ይጠጋል። ልዩነቱ 6.9 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ባለ ጊዜ መኪናዋ በእውነቱ 107 ያህል ሄዳለች። በቆጣሪው ሲሰላ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጋ ይመስል የነበረው ፍጆታ ከዚህ የተነሣ ከጅምሩም 13 ገደማ ነበር። የሞተሩን ንጽጽር በእርማት ሠርቼ፣ በኋላ ጎማዎቹን ወደ 185/60 አር 14 መልሻቸዋለሁ፤ የእነዚህ ዲያሜትር ከፋብሪካው መጠን የሚለየው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቸርኬውን ሳይቀይሩ ቆጣሪውን ያስተካክላሉ።

ፖርቶመጋላውን አውርጃለሁ፤ በረጅም መንገድም ከ110 ይልቅ 90 ላይ መንዳትን መርጫለሁ። የአየር መቋቋም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ይህ ብቻውን የአየሩን ጫና በሲሶ ይቀንሰዋል፤ ለዚህም ምንም ዓይነት ጌጅ አያስፈልግም።

ስለ ዕቃው ራሱ፦ ሴንሰሩ እስካሁን ጤነኛ ነው፤ ከቱቦው አውጥቼ በንጹሕ አየር ስፈትሸው እንደሚጠበቀው የመጨረሻውን ስስ ንባብ ያሳያል። ሞተሩ ዘይት የሚያቃጥል ወይም እርሳስ ያለበት ቤንዚን የሚጠቀም ሰው ግን ይህን ዕድሜ መጠበቅ የለበትም። ቅር ያሰኘኝ የገመዱ መያያዣ ነው፤ በንዝረት እየላላ ቁጥሩን ያዘልለው ስለነበር በራሴ ማሰሪያ አጥብቄዋለሁ። የመስኮቱ ብርሃንም ለሌሊት ጉዞ በዝቷል፤ መቀነሻው ያለው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው።

የሁሉም ለውጥ ውጤት በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ የነበረውን ወደ 10 ሊትር ተኩል ማውረዱ ነው። ካርቡሬተሯ፣ ካምሻፍቷ ወይም ሄደሯ ለተቀየረ መኪና ጌጁን ያለ ማንገራገር እመክራለሁ፤ እንዲህ ያለ ሞተር የፋብሪካው መመሪያ የማይመለከተው ስለሆነ ሌላ የሚመራው የለም። እንዳለች ከፋብሪካ የወጣች መኪና ያለው ሰው ግን ተራ የቫኪዩም ጌጅ ቢገዛ ይበቃዋል። በእኔ መኪና ላይ የቀረው ሚኒሞው ነው፤ አሁንም 13.5 ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳሳሳው ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ቀጥሎ የማደርገው የካርቡሬተሩን የስሮትል ዘንግ መላላት መፈተሽ ነው።