ክፍል ድረስ የሚመጣው የግብርና ትምህርት፦ በቆሎው ጎበዝ፣ ስላይዱ ሰነፍ

የግብርና ተማሪዎች ትምህርት ቤት ድረስ እየመጡ ለልጆች ስለ ሰብል የሚያስተምሩበት ፕሮግራም አለ። የ4ኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ክፍሌን ለግማሽ ቀን ለቀቅኩላቸው፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አጀማመራቸው ቀዝቃዛ ነበር። ፕሮጀክተር ተተከለ፣ "ግብርና ማለት" ተብሎ ትርጉም ተነበበ። ልጆቹ ቀድተው ጨረሱና ማዛጋት ጀመሩ። ይሄንን እኮ እኔም አደርገዋለሁ፤ ለዚህ እንግዳ አያስፈልግም።

ከዚያ አንዷ ተማሪ ጆንያ ፈታች። ውስጡ ከነሽፋኑ ያለ በቆሎ ነው። ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ አደለችና፣ "ረድፉን ቁጠሩ። ጎዶሎ ቁጥር ያገኘ እጁን ያውጣ" አለች። ክፍሉ በአንዴ ነቃ። 14! 16! 12! አንዱ "15 አገኘሁ" ብሎ ዘለለ፤ ጎረቤቱ ነጥቆ ሲቆጥረው 16 ሆነ። የበቆሎ ሴቴ አበቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጡ ረድፉ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ተጋማሽ ቁጥር ነው። ልጆቹ ምክንያቱን የሰሙት በእጃቸው ካረጋገጡ በኋላ ነው። ማስተማር እንዲህ ነው።

ቀጥላ ፀጉሩን አስያዘቻቸው። እያንዳንዱ ፀጉር የሚሄደው ወደ አንድ ፍሬ ነው። ብናኝ (ከወንዴው አበባ የሚወጣው ዱቄት) ያልደረሰው ፀጉር ፍሬው ሳይያዝ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ የሚታየው ባዶ ቦታ አንዱ መነሻው ይሄ ነው። "ብናኙን ንብ ናት የምታመጣው?" አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። ነፋስ ነው። ለዚህም ነው በቆሎ በአንድ ረጅም መስመር ብቻ ሲዘራ ፍሬው የሚሳሳው፤ ብዙ አጫጭር መስመሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ብናኙ ይደራረሳል። ጥያቄ የጠየቀችን ልጅ እንዲህ በደንብ የሚመልስ ሰው ደስ ይለኛል።

ባቄላውም ጥሩ ነበር። ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ ተክል ነው። ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጥበው ትናንሾቹን እብጠቶች አሳዩ፤ አንዱን በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ሆነ። ሮዝ ከሆነ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ያዘጋጃሉ። መጽሐፋችን ይሄንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

ያናደደኝ መጨረሻው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥጥ ያለበት ኩባያና የባቄላ ዘር ሰጥተው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። በቃ! ዘሩ በራሱ ስንቅ ጥጥ ላይ ይበቅላል፤ ስንቁ ሲያልቅ ግን አፈርና ብርሃን ይፈልጋል። መቼ ወደ አፈር እንደሚዛወር የነገረን የለም። ከመስኮት የራቁት ቀጥነው፣ ገርጥተው ወደቁ፤ የሌሎቹን አፈር ፍለጋ እኔው ተሯሯጥኩ። ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ ወይ ብዬ ስደውል "በጀት የለንም" ተባልኩ። ሰብል ወራት ይፈጃል፤ እነሱ ግማሽ ቀን።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሦስቱም የበቆሎዋ ልጅ ናቸው። እናንተም ከጋበዛችኋቸው የሁለተኛውን ጉብኝት ቀን አስቀድማችሁ አስቆርጡ። ፕሮጀክተር የለንም ብትሏቸውም አይከፋም። ባልዲና ውኃ ግን አዘጋጁ፤ እሱን ይዘው አይመጡም።